የጓንቱ ቅባት

እማማ ፀዓዳ ሰዓት እያዩ የሚኖሩ ሰው አልነበሩም። አሥራ አንድ ሰዓት መሙላቱን የሚነግራቸው የጋሽ ባዶ መኪና ጡሩምባ ነበር። ያቺ ጎኗ የተላላጠ አሮጌ መኪና ጥጉ ጋ ስትደርስ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጋ ትጮኻለች፤ በሩ ይከፈታል፤ የልጅ ልጃቸው ትወርዳለች። እሳቸውም የያዙትን መጋረጃ ለቀቅ አድርገው፣ ሲጠብቅ እንዳልዋለ ሰው፣ ኮስተር ብለው ወደ ማድ ቤት ይገባሉ።

ያን ማክሰኞ ጡሩምባው አልተሰማም።

መጀመሪያ መኪናዋ ተበላሽታ ነው አሉ። ቀጥለው ጎማ ፈንድቶ መንገድ ዳር ቆመው ነው አሉ። አሥራ አንድ ተኩል ሲል መኪናዋን ገደል ከተው፣ ልጅቷን ሆስፒታል አስተኝተው፣ የትኛውን ጫማ አድርገው እንደሚሮጡ ያስቡ ጀመር። እንዲህ ናቸው። የልጅቷ እናት፣ አንድያ ልጃቸው፣ ጠዋት ደህና ዋዪ ብላ ወጥታ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ስለቀረች፣ የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት እንደ ሌላው ሰው ለወሬ ማሳመሪያ አይጠቅሱትም፤ ያምኑታል።

ልጅቷ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በአውቶቡስ መጣች። ደህና ነች፤ እጅ እግሯ ሙሉ ነው። ጋሽ ባዶስ ቢሏት ቤታቸው ናቸው ብላ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለችና እጇን ልትታጠብ ገባች። ውኃው ከወትሮው ረዥም ጊዜ ሲፈስ ሰሙ።

ጋሽ ባዶ ስማቸው አይደለም፤ ሥራቸው ነው። ልጅቷ በምትሠራበት የምርምር ማዕከል ፖም የሚሉት አንድ መሣሪያ አለ። የወረቀት ስሙ ሉላዊ ቶካማክ ነው። ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚያክል ድቡልቡል የብረት ዕቃ ሲሆን ሆዱ ክፍት ነው፤ መሀል ለመሀል ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጭን ዓምድ ያልፍበታል፤ ልክ ፍሬው ተቦርቡሮ ወጥቶ በምትኩ ዘንግ እንደ ተሰካበት ፖም። እዚያ ሆድ ውስጥ ከአንዲት እስትንፋስ ያነሰ የሃይድሮጅን ጋዝ ይለቁና ከፀሐይ እምብርት አስበልጠው ያግሉታል፤ ግድግዳውን እንዳይነካ ማግኔት አየር ላይ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። የጋዙ ቅንጣቶች ተጋጭተው ሲዋሐዱ ሙቀት ይተርፋቸዋል፤ ያ ትርፍ ሙቀት አንድ ቀን ለሰው ሁሉ መብራት ይሆናል ነው ተስፋው። ልጅቷ ይህን መጀመሪያ ስታስረዳቸው እማማ ፀዓዳ በጥሞና ሰምተው፣ ተዋሕደው ሙቀት የሚተርፋቸው ባልና ሚስት እንኳ ስንት ናቸው ብለው ነበር። ጋዙ አንዴ ግሎ የሚያዝበት፣ እነሱ ምት የሚሉት፣ ምን ያህል ይቆያል ብለው ቢጠይቁ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ አለቻቸው።

«ለእሱ ነው ሁለት ዓመት የምትለፉት? ማስነጠስ እንኳ ይበልጣል እኮ፣ ልጄ።»

ለዚያች ግማሽ ሰከንድ ሲባል የፖሙ ሆድ ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ሲባል ሰው ኪሴ ባዶ ነው እንደሚለው አይደለም። አየሩ ተመጥጦ፣ ዕቃው እንዳለ በሙቀት ተጋግሮ፣ ከግድግዳው የሚተንነው እርጥበት ሳይቀር ተለቅሞ ይወጣል። ጋሽ ባዶ የእነዚያ መጣጭ ፓምፖች ሹም ናቸው። ሥራዎ ምንድን ነው ሲሏቸው «ባዶ መሥራት» እያሉ ሲመልሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናቸው፤ ስሙም እዚያው ቀረ። ሌላው ሰው አንድ ነገር ሠርቶ ደመወዝ ይበላል፣ እኔ ምንምን ሠርቼ እበላለሁ ይላሉ።

ልጅቷን ደግሞ ስንጥር ይሏታል። እማማ ፀዓዳ ዕድሜዋን ሙሉ ብዪ፣ ጨምሪ፣ አጥንትሽ ወጣ ሲሉ የተቆጡበት ቅጥነቷ እዚያ ቤት ማዕረግ ሆነ። በፖሙ ጎን ያለችው መግቢያ የደህና ሰው ትከሻ አታሳልፍም። እዚያ ገብቶ፣ በዓምዱና በግድግዳው መካከል ተጣጥፎ፣ ዓምዱን የሚያለብሱትን ጥቁር ሰሌዳዎች አንድ በአንድ በብሎን የሚያስር ሰው በተፈለገ ጊዜ፣ መሐንዲሶቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው የየራሳቸውን ቦርጭ አዩና ወደ እሷ ዞሩ።

ፀዓዳ የሚለውንም ስም ያወጡላቸው ነርሶች ናቸው። እማማ ፀዓዳ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥበዋል። ደም ያለበት፣ መግል ያለበት፣ ስሙ የማይጠራ ነገር ያለበት ሁሉ ከእጃቸው ሲወጣ እንደ ጥጥ ነጭ ይሆን ነበር። ጨርቁ ነጣ፤ እጃቸውን ግን በረኪና በላው። ዛሬም ብርድ በመጣ ቁጥር የጣታቸው ጫፍ ይሰነጠቃል፤ የቀሚስ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታቸዋል።

ያን ምሽት ልጅቷ ነገሩን ቆራርሳ አወራችው። ፖሙ ተዘግቶ፣ አምስት ቀን ተመጥጦ፣ ተጋግሮ፣ ምቱ ለሐሙስ ተቀጥሮ ነበር። በሆዱ ውስጥ የቀረውን ነገር እያሸተተ የሚናገር መሣሪያ አለ፤ አፍንጫው ይሉታል። አፍንጫው ውኃ ካለ ሌላ ቀን ይጋግሩታል። አየር ካለ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ዛሬ ጠዋት ግን ሁለቱንም አላለም።

«ታዲያ ምን አለ?»

«ቅባት አለ።»

እማማ ፀዓዳ ሾርባ እየጨለፉ ነበር። ጭልፋው ድስቱ አፋፍ ላይ ቀረ።

ልጅቷ ቀና ሳትል ቀጠለች። ቅባት ባለበት ጋዙ አይያዝም፤ ሲግል ቅባቱ እየተነነ ይገባበትና ያቆሽሸዋል፤ ምቱ ገና ሳይጀምር ይጠፋል። ከፓምፖቹ ሁሉ ደግሞ በዘይት የሚሠራው አንድ ብቻ ነው፤ አሮጌው፣ ጋሽ ባዶ ለክፉ ቀን ይጠቅማል አይጣል ብለው ያስቀሩት። የአፍንጫው ወረቀት ከዚያ ዘይት ጋር ሲተያይ ተቀራረበ። ስለዚህ የዚያ ፓምፕ መዝጊያ ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ ዘይቱ ወደ ኋላ ተስቦ ነው ተባለ። ጋሽ ባዶ ዘግቼዋለሁ አሉ። ማን አይቶዎታል ተባሉ። ሰውየው ቫልቭ ለመዝጋት ምስክር ጠርተው አያውቁም። ቁልፋቸውን አስረክበው፣ ምርመራው እስኪያልቅ ቤትዎ ይቆዩ ተባሉ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ቀርቷቸዋል። ጥፋቱ የእርሳቸው ነው ተብሎ ከተጻፈ የሠላሳ አንድ ዓመት ስማቸው በዚያች አንድ ገጽ ይዘጋል።

«ምን ዓይነት ቅባት ነው?» አሉ እማማ ፀዓዳ።

«ቅባት ነዋ፣ እማማ።» ልጅቷ ሾርባውን ሳትቀምስ ጠግቤያለሁ ብላ ተነሣች።

ስለ ቅባቱ እማማ ፀዓዳ የሚያውቁትን ሌላ ማንም አያውቅም። እንዲያ መሰላቸው።

ፖሙ ውስጥ የሚገባ ሰው ከላይ የላስቲክ ጓንት፣ ከሥሩ ደግሞ ላብ የሚመጥ ስስ የጥጥ ጓንት ያደርጋል። የጥጡ ጓንት መታጠብ ያለበት እዚያው ማዕከሉ ነው። ነገር ግን የማዕከሉ እጥበት ጨርቁን ቆርቆሮ እያስመሰለው የልጅቷ ጣት መላላጥ ሲጀምር፣ እማማ ፀዓዳ እኔ በቁሜ እያለሁ ያንቺን ጓንት ማሽን አያጥበውም ብለው ነዘነዙ። ጠዋት ነዘነዙ፣ ማታ ነዘነዙ። ልጅቷ ተሸነፈችና ደንብ አፍርሳ ወደ ቤት ታመጣው ጀመር፤ ስታመጣውም አደራ ብላ ነው። ፍል ውኃ ብቻ፤ ሳሙና የለም፣ ሽቶ የለም፣ ምንም የለም። ሦስት ሳምንት አደራዋን ጠበቁ። በአራተኛው ሳምንት በአንደኛው ጓንት ጣት ጫፍ ላይ ምስር የምታክል ደም አዩ።

እዚያ ላይ አንጀታቸው አልቻለም። ከንብ ሰምና ከዘይት አቅልጠው፣ ሁለት ጠብታ የባሕር ዛፍ ጠብ አድርገው የሚሠሩት ቅባት አላቸው፤ የገዛ እጃቸውን እስከ ዛሬ ያቆየላቸው እሱ ነው። ልጅቷን ተቀቢ ቢሏት ሥራ ላይ ክልክል ነው ትላለች። ስለዚህ ጓንቱን ገለበጡት። የየጣቱን ጫፍ በውስጥ በኩል ስስ አድርገው ቀቡት፣ ጨርቁ እንዲጠጣው ለብ ባለ ካውያ ተኮሱት፣ መልሰው ገለበጡት። አንዲት ነጥብ አይታይበትም። ዕድሜ ልኩን እድፍ ሲያወጣ የኖረ ሰው እድፍ እንዴት እንደሚደበቅም ያውቃል። እርግጥ ያኔ እድፍ ነው አላሉም፤ መድኃኒት ነው አሉ። ከላይ ላስቲኩ አለ፣ የት ሊሄድ ነው ብለውም ራሳቸውን አጽናኑ።

ረቡዕ ዋለ። ምቱ ሊሆን የነበረበት ሐሙስም ዋለ። እማማ ፀዓዳ ቤቱን እየጠረጉ ለራሳቸው ይከራከሩ ነበር። ቫልቩን ማን ያውቃል? ሰው ሲያረጅ ይረሳል አይደል? እሳቸውስ ባለፈው ሰሞን ምድጃ ሳያጠፉ ገበያ አልሄዱም? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሆዳቸው ጓንቱን እያየ አፋቸው ፓምፑን ይከሳል። ደግሞ የሚያስፈራቸው የራሳቸው መጋለጥ ብቻ አልነበረም። ጓንቱ ቤት መምጣቱ ከታወቀ ልጅቷ ደንብ አፍርሰሻል ተብላ ትባረራለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ጠዋት እያፏጨች ስትነሣ የሰሟት ይህን ሥራ ከያዘች ጀምሮ ነው። አፋቸውን ቢከፍቱ ልጅቷን ሊያጡ፣ ቢዘጉ ሰውየውን ሊቀብሩ ሆነ።

ዓርብ ጠዋት ዳቦ ጋግረው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ወደ ጋሽ ባዶ ቤት ሄዱ። ልንገር ብለው ይሂዱ፣ ልይ ብለው ይሂዱ፣ ለራሳቸውም አልወሰኑም።

በር የከፈቱላቸው አብረዋቸው የሚኖሩት እኅታቸው ናቸው። ጋሽ ባዶ ማድ ቤት ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ጆሯቸውን ከፍሪጁ ጀርባ ለጥፈው ነበር።

«ከማክሰኞ ወዲህ እዚህ ቤት ያልታመመ ሞተር የለም» አሉ እኅትየው። «ፍሪጁን ጨርሶ ወደ እኔ ልብ እንዳይመጣ ነው የምፈራው።»

ጋሽ ባዶ ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ፣ ወንበር አቀረቡ፤ ሻይ መጣ። ስለ ብርዱ ተወራ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ተወራ። ነገሩን ያነሡት ራሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ዘግቼዋለሁ ብዬ ስምል ነበር።» እጃቸውን ወደ አየር ዘርግተው የማይታይ መዘውር ጨበጡና ወደ ቀኝ አዞሩት። «ይኸው፣ እንዲህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሥራ ስወጣ እንዲህ። አሁን ግን ሳስበው የዚያን ዕለቱን ከሌላው ዕለት መለየት አቃተኝ። ዘጋሁ የምለው የሌላ ቀኑን አስታውሼ ይሆናል። ምናልባት አልዘጋሁትም።»

«ዘግተውታል» አሉ እማማ ፀዓዳ፤ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው።

ጋሽ ባዶ ፈገግ አሉ። «ደግ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚሉኝ።»

መናገር የነበረባቸው እዚህ ላይ ነው። እኅትየው ግን ዳቦውን ቆርሰው እያደሉ ነው፤ ጋሽ ባዶም ከመሥሪያ ቤት አንድ ሰው እንኳ ደጃፋቸውን እንዳልረገጠ፣ ያቺ ስንጥር ግን አያቷን እስከ መላክ እንዳሰበችላቸው፣ ሰው የሚታወቀው በክፉ ቀን መሆኑን እየተናገሩ ነው። ልጅቷ አልላከቻቸውም። አላረሟቸውም። ከአንገታቸው ጀምሮ ፊታቸው ጋለ፤ ሻዩን ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡት። ስድብ ቢሆን ይችሉት ነበር። ምስጋናው ነው የከበዳቸው። ቶሎ ተነሡ። ጋሽ ባዶ እስከ በር ሸኟቸውና ጨርቁን በልጅቷ እልክልዎታለሁ አሉ።

መንገድ ላይ ሰላም የሚሏቸውን ሰዎች ሳያዩ አለፉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። የሰውየውን ሥራ፣ የሰውየውን ስም እያሉ ሦስት ቀን ሲጨነቁ ከርመው፣ ዋናውን ነገር ገና አሁን ማየታቸው ነው። ከጋሽ ባዶ የወሰዱባቸው የገዛ እጃቸውን ማመን ነው።

ልጅቷ ስትመጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነገሯት። ደሙን፣ ቅባቱን፣ ካውያውን፣ አንድ ሳያስቀሩ። ሲጨርሱ እንድትጮህባቸው ጠበቁ። ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አውቄያለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ገና እዚያ ውስጥ ሆኜ ነው ያወቅሁት። ባሕር ዛፍ ሸተተኝ።»

ከዚያ የእሷ ተራ ሆነ። ዓምዱ ሥር ያሉት የመጨረሻዎቹ ብሎኖች የስንዴ ቅንጣት ያክላሉ። በላስቲክ ጓንት አልጨበጥ አሏት። ማውለቅ ክልክል ነው፤ ግን ለአንዷ ብቻ ብላ ላስቲኩን አወለቀችና በጥጡ ይዛ አሰረቻት። ከአንዷ በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፣ አሥራ አንድ ብሎን። ስትጨርስ ጣቶቿ ከወትሮው እንደለሰለሱ ገባት። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻቸው። አያቷ አጠገቧ ተጣጥፈው የተቀመጡ እስኪመስላት ሸተቱ። ሲጋገር ይወጣል ይሆናል ብላ ዝም አለች።

«ጋሽ ባዶ ቁልፋቸውን ሲያስረክቡስ የት ነበርሽ?»

«አጠገባቸው።»

«አንቺ ልጅ!»

«ምን ላድርግ፣ እማማ? እሳቸው ሊወጡ ሦስት ወር ነው የቀራቸው፤ እኔ ገና ነኝ። እሳቸው ምን ይሆናሉ?»

እማማ ፀዓዳ ይህን ቃል ያውቁታል። የራሳቸው ነው። ልጅቷ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የክፍሏን የካርታ ሉል ጥላ ሰብራ፣ ሲያጸዱ ነው የሰበሩት ተብለው አንድ ሽማግሌ የጽዳት ሠራተኛ ተከሰሱ። ልጅቷ እያለቀሰች ስትነግራቸው እንባዋን በመዳፋቸው ጠርገው፣ እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው ምን ይሆናሉ፣ አንቺ ገና ነሽ አሏት። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልነበሩም። የት ሄዱ ብለውም አልጠየቁ። ልጄን አተረፍኩ ብለው ተኙ። ያኔ ያጎረሷትን ይኸው ዛሬ መልሳ አጎረሰቻቸው።

ነገ አብረን እንሄዳለን አሏት።

«ያባርሩኛል።»

«ያባርሩሽ ይሆናል። እኔም አብሬሽ እባረራለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ተቀጥረሽ?»

«ጓንት አጣቢ።»

ልጅቷ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ሳቅ እንዳልሆነ አዩ። አላባበሏትም። በሕይወታቸው እንዲህ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው፤ እጃቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ተቀመጡ።

ቅዳሜም ይሠራሉ። የቅባቱን ብልቃጥ በሁለት ላስቲክ ቋጥረው ሄዱ። የበሩ ጥበቃ የያዙትን ከፍቶ አሸተተና፣ ለጉንፋን ነው እናቴ ብሎ ጠየቃቸው። ኃላፊዋ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረች፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሴት ናት። ቢሮዋ ከመሣሪያው አዳራሽ የሚለየው በመስተዋት ብቻ ነው። እማማ ፀዓዳ ያን ሁሉ የሰሙለትን ፖም ያን ዕለት አዩት። በቱቦና በሽቦ ተበትቧል፤ የጎኑ በር ተከፍቶ ውስጡ እንደ አዲስ ሳህን ያበራል። እንደዚያ የነጣ ነገር ሆስፒታል ውስጥም አይተው አያውቁም። ዓይናቸውን መለሱ።

ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው ቆመው ተናገሩ። ከእሳቸው ቀጥላ ልጅቷ ስለ ላስቲኩና ስለ አሥራ አንዱ ብሎን ተናገረች። ኃላፊዋ አልተቆጣችም። ከብልቃጡ በጥጥ ጫፍ ትንሽ ነካ አድርጋ፣ በብረት ሳህን ላይ ቀብታ፣ በአነስተኛ መሞከሪያ ምድጃ አግላ ሌላ ትንሽ አፍንጫ እንዲያሸተው አዘዘች። ውጤቱ እስኪደርስ አያትና ልጅ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የሚያልፈው ሁሉ፣ ስንጥር አያትሽ ናቸው እንዴ፣ እንኳን ደህና መጡ ይላል። እማማ ፀዓዳ ለእያንዳንዱ ሰላምታ አንገታቸው አንድ ጣት ያጥር ነበር።

አፍንጫው የሚጽፈው ፊደል አይደለም፤ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ነው። ኃላፊዋ የፖሙን ወረቀትና የብልቃጡን ወረቀት ደራርባ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ለጠፈቻቸው። ጥርስ በጥርስ ገጠመ። ከዚያ የአሮጌውን ፓምፕ ዘይት ወረቀት ደረበችበት። ሦስት ጥርሶች አልገጠሙም። እነዚያ ሦስት ጥርሶች ማክሰኞም እዚያው ነበሩ፤ ጥፋተኛ ፍለጋ የቸኮለ ሰው ዓይን ስለዘለላቸው ነው ያልታዩት። ለካ ያ ሁሉ ሊቅ ሳምንቱን ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ሰነበተ። ኃላፊዋ ወረቀቶቹን ከመስኮቱ አነሣች፤ ጆሮዋ ቀላ። ከዚያ ስልክ አነሣች።

ጋሽ ባዶ በሃያ ደቂቃ ደረሱ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል። ኃላፊዋ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቃ ቁልፋቸውን መለሰች። ልጅቷ ወለሉን እያየች፣ ጋሼ እኔ አውቄ ነው ዝም ያልኩት አለች። ጋሽ ባዶ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ ኪሳቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ከእሷ ዞር አሉና እማማ ፀዓዳን አዩ።

«እትዬ፣ ዳቦ ይዘው የመጡ ዕለት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዘግተውታል ያሉኝ ለዚያ ነው?»

«ለዚያ ነው።»

ጋሽ ባዶ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ወደ አየር ዘርግተው ያንኑ የማይታይ መዘውር ጨበጡና ወደ ቀኝ አዞሩት፤ ቀስ ብለው፣ እስኪጠብቅ። ከዚያ ወደ ፓምፖቻቸው ሄዱ።

ልጅቷ አልተባረረችም። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ከእሷ ሌላ በዚያች በር የሚያልፍ ሰው ስለሌለ፣ ያቆሸሸችውን ራሷ እንድታጸዳ ተደረገ። አምስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ሰሌዳ ፈትታ፣ ወልውላ፣ መልሳ አሰረች፤ ዓይን የማይነቅል ካሜራ ከራሷ በላይ ተሰቅሎ። የጥጡን ጓንት ማዕከሉ ያጥባል። ጣቷ ዛሬም ይላላጣል። ማታ ከሥራ ስትመለስ እማማ ፀዓዳ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡላታል፤ ተቀቢ አይሏትም። አንዳንድ ቀን ትቀባለች፣ አንዳንድ ቀን ትተወዋለች። ጠዋት ግን ሁለት ጊዜ ታጥባ፣ እጇን አሽትታ ነው የምትወጣው።

ምቱ ሆነ። በመስኮቱ በኩል ፖሙ ውስጥ ወይን ጠጅ ብርሃን ብልጭ ብሎ ዓምዱን ዙሪያውን አቅፎት እንደነበር፣ ግማሽ ሰከንዷን ሳያጓድል እንደጨረሰ ልጅቷ ነገረቻቸው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ባዶስ ቢሏት፣ ጆሯቸውን ፓምፑ ላይ ለጥፈው ነበር አለች። የመጣችው በአውቶቡስ ነው። አሮጌዋ መኪና አሁንም በአሥራ አንድ ሰዓት በጥጉ በኩል ታልፋለች፤ አትጮኽም። እማማ ፀዓዳ ድምፅዋን ሲሰሙ ከመስኮቱ ገለል ይላሉ።

ጋሽ ባዶ ጡረታ በወጡ ዕለት ልጅቷ በወረቀት ከረጢት አንድ ነገር ይዛ መጣች። ያ ዳቦ የተጠቀለለበት ነጭ ጨርቅ ነው። ታጥቧል፤ ተተኩሶ ጠርዝ ከጠርዝ ሳይዛነፍ በአራት ታጥፏል። እኅትየው እንዲህ አያጥፉም፤ የማን እጅ እንደሆነ ያስታውቃል። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ይባላል፤ እማማ ፀዓዳ ገልጠው አዩ። ምንም የለበትም። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ሳሙና አይልም፣ ዳቦ አይልም፣ ቤት አይልም።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም፣ እማማ። ስጪልኝ ብቻ ነው ያሉኝ።»

ይቅርታ ይሁን፣ ደህና ሁኑ ይሁን፣ ሁለተኛ ደጄ አትድረሱ ይሁን፣ ሰውየው ምንምን መሥራት ያውቁበታልና ከጨርቁ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። እማማ ፀዓዳ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ እንደተገለጠ ተዉት። መልሰው ሊያጥፉት እጃቸውን ዘረጉና ከመንካታቸው በፊት ሰበሰቡት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ እጃቸውን ታጠቡ።